ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ፤ ስለ እረኝነቱ ድካምና ስለ ዕረፍቱ

የካህንን ድካም ሰው ሁሉ የሚያየው በማሕሌትና በቅዳሴ ሲቆም ነው። የበለጠው ድካም ግን አይታይም። ሐዘንተኛ ሲያጽናና፥ የተጣሉትን ሲያስታርቅ፥ የንስሐ ልጆቹን ኃጢአት ሲሰማ ይውልና ሌሊት ደግሞ ለሰዓታት ይነሣል። ይህን ድካሙን ለማን ይነግረዋል? የነፍስ አባት የሌላውን ሸክም መስማት እንጂ የራሱን መናገር አልለመደም። ከቀደሙት አበው መካከል ግን አንዱ፥ በሃይማኖተ አበው መጽሐፍ ቃሉ ከሚገኝ ሊቃውንት የተቈጠረው፥ ነባቤ መለኮት የተባለው ቅዱስ ጎርጎርዮስ፥ ድካሙን ሳይሸሽግ በደብዳቤም በግጥምም ጽፎ አስቀርቷል። አራት ጊዜ ከሹመት ሸሽቷል፤ ከሸሸም በኋላ ወደ እረኝነት ተመልሷል።

ጎርጎርዮስ የተወለደው በ329 ዓ.ም. ገደማ፥ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፥ በቀጰዶቅያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) የወላጆቹ ርስት አርያንዙስ ትባላለች፤ እርስዋም እንዚናዙ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ናት። የአባቱም ስም ጎርጎርዮስ ነበረ። አባቱ አስቀድሞ ከክርስትና ውጪ በሆነ እምነት ይኖር ነበረ፤ ሚስቱ ኖና በጸሎትና በትዕግሥት መለሰችውና ተጠመቀ፥ ጥቂትም ቈይቶ የእንዚናዙ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። በዚያ ዘመን ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ለኤጲስ ቆጶስነት ይሾም ነበረና ይህ አያስደንቅም። ልጆቻቸውም ጎርጎርዮስ፥ ቄሣርዮስና ጎርጎንያ ናቸው።

ጎርጎርዮስ በቂሣርያና በእስክንድርያ ከተማረ በኋላ ወደ አቴና ለመሻገር በመርከብ ተሳፈረ። በባሕሩም ላይ ጽኑ ማዕበል ተነሣ። ገና አልተጠመቀም ነበረና ሳይጠመቅ መሞትን ከመስጠሙ ይልቅ ፈራው፤ ከዚህ ሞት ከተረፍሁ ዕድሜዬን ለእግዚአብሔር እሰጣለሁ ብሎ ተሳለ። ማዕበሉም ጸጥ አለ። በአቴና ዐሥር ዓመት ያህል ሲቀመጥ ከአገሩ ልጅ ከባስልዮስ ጋራ እጅግ ተዋደደ። ሁለቱም ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ከዓለም ርቀው፥ በጸሎትና በመጽሐፍ በአንድነት ለመኖር ተስማሙ። ባስልዮስ ቀድሞ ሔደና በጳንጦስ አገር፥ በወንዝ ዳር፥ ጭው ባለ ዱር ተቀመጠ። ጎርጎርዮስም ጥቂት ጊዜ ከእርሱ ጋራ ሰነበተ፤ ነገር ግን ያረጁ አባትና እናት ነበሩትና ልቡ ከሁለት ተከፈለ።

አባቱ በዚያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት አልፎት ነበረ። የሚረዳው ሰው ፈለገ፤ ከልጁ የሚሻል ረዳትም አላገኘም። ስለዚህ በ361 ዓ.ም. በልደት በዓል ገደማ፥ ልጁ ሳይወድ፥ በሕዝቡ ፊት ቅስና ሾመው። ጎርጎርዮስ ይህን እንደ ግፍ ቈጠረው፤ በኋላም በጻፈው ታሪክ ከግፍ ሌላ ስም አልሰጠውም። የአባቱን ሥልጣን አልናቀም፤ ሐዘኑ ግን ጽኑ ስለ ነበረ ለማንም ሳይሰናበት ተነሥቶ ወደ ባስልዮስ ሸሸ።

በጳንጦስ የቈየው እስከ ፋሲካ ድረስ ብቻ ነው። በ362 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ተመልሶ በእንዚናዙ ቤተ ክርስቲያን ሰበከ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ካህን ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ነው። ይምጣልን ብለው አባቱን ያስጨነቁት፥ በመሸሹም የተቈጡት ሰዎች፥ በመጣ ጊዜ ሊሰሙት ወደ ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። መቅደሱ ባዶ ሆነ። እርሱም በሚቀጥለው ስብከቱ ይህን ነገር በግልጥ ወቀሰ፤ ሳያገኙት ይናፍቁት እንደ ነበረ፥ ካገኙት በኋላ ግን እንደ ናቁት አስታወሳቸው። ካህኑን የሚያደክመው የምእመናን ጥላቻ ብቻ አይደለም፤ ፍቅራቸው ከጥሪ በኋላ መቀዝቀዙም ያደክማል።

ስለ ሽሽቱ ምክንያት በዚያ ወራት የጻፈው ረጅም ድርሰት ስለ ክህነት ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅም፥ ታላቁ ጎርጎርዮስ የሮም ጳጳስም፥ ስለ እረኝነት በጻፉ ጊዜ ከዚህ ድርሰት ተምረዋል። በድርሰቱ ውስጥ ካህንን ከባለ መድኃኒት ጋራ ያስተያያል። ባለ መድኃኒት የሚያክመው ሥጋን ነው፤ ሥጋም ሕመሙን አይሸሽግም። ካህን ግን የሚያክማት ነፍስ ቍስልዋን ትሰውራለች፥ ለኃጢአትዋ ጥብቅና ትቆማለች፥ መድኃኒቱንም ታባርራለች። ደግሞም አንድ መድኃኒት ለሁሉ አይበቃም፤ አንዱን ቃል ይፈውሰዋል፥ ሌላውን ምሳሌነት፤ ለአንዱ ልጓም ያሻል፥ ለሌላው አለንጋ፤ ሽማግሌና ሕፃን፥ ባለጠጋና ድኻ፥ ባለትዳርና ድንግል በአንድ ምግብ አይመገቡም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ራሱ ሕመምተኛ ነው። ጎርጎርዮስ የሸሸው ይህን አይቶ እንደ ሆነ ይናገራል። የተመለሰበትንም ምክንያት አልደበቀም፤ የወላጆቹ እርጅና፥ የሕዝቡ ናፍቆት፥ ከእግዚአብሔር ፊት ሸሽቶ ማምለጥ ያልተቻለው የነቢዩ የዮናስ ታሪክ መለሱት።

ከዚያ ወዲህ ዐሥር ዓመት ያህል ከአባቱ አጠገብ ሠራ። አባቱ ቃሉ ያልጠራ የሃይማኖት ጽሑፍ ስለ ፈረመ የከተማይቱ መነኮሳት ተለይተውት ነበረ፤ ልጁ አስታረቃቸው። ወንድሙ ቄሣርዮስ፥ በቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው፥ በ368 ዓ.ም. በኒቅያ ከሆነው የምድር መናወጥ ቢተርፍም ጥቂት ቈይቶ ሞተ። ሀብቱን ለድኆች ቢተውም አበዳሪ ነን የሚሉ ሰዎች እየመጡ ጎርጎርዮስን በሙግት አስጨነቁት። እኅቱ ጎርጎንያም ሞተች። በሁለቱም ቀብር ላይ የሚናገረው እርሱ ነበረ።

ያን ጊዜ ደግሞ ወዳጁ ባስልዮስ ሌላ ሸክም ጨመረበት። ባስልዮስ በ370 ዓ.ም. የቂሣርያ ሊቀ ጳጳሳት ሆነ። ንጉሡ ዋልንስ የቀጰዶቅያን አውራጃ ከሁለት ስለ ከፈለው የጢያና ኤጲስ ቆጶስ ግማሹን አገረ ስብከት ለራሱ ያዘ። ባስልዮስም ድንበሩን ለመጠበቅ በየስፍራው የራሱን ሰዎች ኤጲስ ቆጶሳት እያደረገ ሾመ፤ በ372 ዓ.ም. ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል ስፍራ ላይ ሾመው። አባቱም ከባስልዮስ ጋራ ተባበረ። ሳሲማ ከተማ አይደለችም፤ ሦስት መንገድ የሚገናኝባት የመንገደኞች ማረፊያ ናት። ውሃና ልምላሜ የላትም፤ አቧራ፥ የሠረገላ ድምፅ፥ የቀራጮችና የእስረኞች ጩኸት ይበዛባታል፤ ሕዝብዋም ዛሬ አድሮ ነገ የሚሔድ መጻተኛ ነው። ጎርጎርዮስ በግጥሙ እንዲህ አድርጎ ሥሏታል። ለመንጋ እረኛ እንዲሆን እንዳልተላከ፥ ለድንበር ጠብ እንደ ወታደር እንደ ቆመ ተረዳው።

ወደ ሳሲማ ሔዶ አንድ ቀን እንኳ አልቀደሰባትም፤ ወደ ተራራ ሸሸ። ለባስልዮስም መራራ ደብዳቤ ጻፈለት። የባስልዮስ ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ ዋልንስ ኦርቶዶክሳውያንን በሚያሳድድበት ዘመን የሚያምነው ሰው በየበሩ ማቆም ነበረበት። እርሱም ራሱ ያለ ዕረፍት ሠርቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞቷል። ነገር ግን የወዳጁን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ያውቅ ነበረና የመረጠለት ስፍራ ስሕተት ነበረ። ጎርጎርዮስ ባስልዮስ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ታላቁን የምስጋና ንግግር በተናገረለት ጊዜ እንኳ፥ በዚያ ሁሉ ውዳሴ መካከል የሳሲማን ነገር ሳያነሣ አላለፈም።

ወደ አባቱም ተመለሰ። በ373 ዓ.ም. ገደማ በእንዚናዙ ላይ መከራ ተደራረበ፤ ከብቱን በሽታ ፈጀው፥ ድርቅ ሆነ፥ የተረፈውንም እህል በረዶ አጠፋው። ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ የሽማግሌውን ኤጲስ ቆጶስ ቃል ጠበቀ። ሽማግሌው ግን አንድ ቃል መናገር አልቻለም። አርባ ዓመት ከዚያ በላይ ሕዝቡን ያጽናና አንደበት በዚያ ቀን ተዘጋ። ሕዝቡ ፊቱን ወደ ልጁ መለሰ፥ ልጁም ተናገረ፤ አስቀድሞ ግን የአባቱን ዝምታ አከበረው። የእርሱ ንግግር ከአባቱ ዝምታ እንደማይበልጥ ለሕዝቡ ነገራቸው። ስለ ደከመ ካህን ከዚህ የሚበልጥ አዘኔታ የተሞላ ቃል በአበው ዘንድ ጥቂት ነው።

አባቱ በ374 ዓ.ም. መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ሞተ፤ እናቱ ኖናም ጥቂት ቈይታ ተከተለችው። ጎርጎርዮስ የአጎራባቹን ኤጲስ ቆጶሳት ለእንዚናዙ እረኛ እንዲሾሙ ለመናቸው፤ እነርሱም አልሾሙም። እርሱ ካለ ሌላ ምን ያሻል ብለው ነገሩን አሳደሩት። ሰውነቱ በሕመም ስለ ደከመ በ375 ዓ.ም. ለማንም ሳይነግር ወደ ሴሌውቅያ ሔዶ በቅድስት ቴክላ ገዳም ሦስት ዓመት ከዚያ በላይ ተቀመጠ። ይህ ሦስተኛው ሽሽት ነው።

የባስልዮስ መርዶ በ379 ዓ.ም. መባቻ ሲደርሰው ታምሞ ተኝቶ ነበረ፤ ለቀብሩም መድረስ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ እንዴት ነህ ብሎ ለጠየቀው ለአንድ ወዳጁ የጻፈው አጭር ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ባስልዮስም ቄሣርዮስም እንደሌሉት፥ ሥጋው እንደ ታመመ፥ እርጅና በራሱ ላይ እንደ መጣ፥ ከወዳጅ መካከል የሚታመን እንዳጣ፥ ቤተ ክርስቲያን እረኛ እንደሌላት ይዘረዝራል። ጕዞው በሌሊት ነው፥ ፋና የለም፥ ክርስቶስም በታንኳዪቱ ተኝቷል ይላል። ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው ሞት ብቻ መስሎ ታይቶታል። ይህን የጻፈው ስለ ቅድስት ሥላሴ ከእርሱ አብልጦ የተናገረ የሌለ ሊቅ ነው፤ እምነት ስላነሰው ደከመ የሚል ሰው ይህን ደብዳቤ ከድርሰቶቹ ጋራ አያይዞ ያንብበው።

በዚያው በ379 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ ኦርቶዶክሳውያን መጥተህ እርዳን ብለው ላኩበት። በዚያች ከተማ አርዮሳውያን አርባ ዓመት ያህል አብያተ ክርስቲያናቱን ሁሉ ይዘዋቸው ነበረ። ሔደ፤ በዘመዱ ቤት ውስጥ ትንሽ ጸሎት ቤት አበጅቶ አናስጣስያ፥ ይኸውም ትንሣኤ፥ ብሎ ሰየማት። በመጀመሪያው የፋሲካ ሌሊት ሲያጠምቅ አርዮሳውያን ገብተው በድንጋይ ደበደቡት። በ380 ዓ.ም. ስለ መለኮት የተናገራቸው አምስት ንግግሮች ነባቤ መለኮት ያሰኙት በዚህች ቤት ነው። ሄሮኒሞስም ከሩቅ መጥቶ ተምሮበታል።

በዚያው ዓመት ካመነው ሰው ተከዳ። መክሲሞስ የሚባል ፈላስፋ በቤቱ ተቀብሎት፥ በማዕዱ አብልቶት፥ በሕዝብ ፊትም አመስግኖት ነበረ። ይህ ሰው ከእስክንድርያ በመጡ ኤጲስ ቆጶሳት እጅ በሌሊት፥ ጎርጎርዮስ ታምሞ ሳለ፥ የቍስጥንጥንያ ኤጲስ ቆጶስ ሊሆን ተሾመ። ሲነጋ ሕዝቡ ደርሶ አባረራቸው። ጎርጎርዮስ ግን ከአፍረት የተነሣ ልሔድ አለ፤ የስንብት ቃልም መናገር ጀመረ። ሕዝቡም እርሱ ከሔደ የሥላሴ ትምህርት ከከተማይቱ አብሮ ይሔዳል ብለው እስኪመሽ ድረስ ይዘው አስቀሩት።

ንጉሡ ቴዎዶስዮስ ኅዳር 24 ቀን 380 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ወር ከተማይቱ ገባና የሐዋርያትን ቤተ ክርስቲያን ከአርዮሳውያን ወስዶ ለጎርጎርዮስ ሰጠው። ወታደር በግራ በቀኝ ቆሞ፥ የከተማው ሰው እያለቀሰ፥ እርሱ ታምሞ በጭንቅ እየተራመደ ገባ። ቀኑ ደመና ነበረ፤ ሥርዐቱ ሲጀመር ፀሐይ ወጣና ቤቱን ሞላው፥ ሕዝቡም እልል አለ። እርሱ ግን በሰይፍ ተከብቦ ወደ መቅደስ መግባቱን አልወደደውም። ከዚህ ወዲያ ታምሞ በተኛበት ቀን ከጠያቂዎቹ ጋራ አንድ ጎልማሳ ገብቶ በእግሩ ሥር ወድቆ አለቀሰ። ሊገድለው ተልኮ የነበረ ነው። ጎርጎርዮስም ይቅር ብሎ፥ ለእግዚአብሔር የሚገባ ሰው ሁን ብሎ አሰናበተው።

በ381 ዓ.ም. በግንቦት ወር መቶ ሃምሳው ኤጲስ ቆጶሳት በቍስጥንጥንያ ተሰበሰቡ። ጉባኤው ጎርጎርዮስን በመንበሩ አጸናው፤ የጉባኤው ሊቀ መንበር የአንጾኪያው ሜሌጥዮስ በድንገት ሲሞትም እርሱ በስፍራው ተቀመጠ። በአንጾኪያ የነበረውን ጠብ ለማብረድ፥ የቀረው ኤጲስ ቆጶስ ጳውሊኖስ እስኪሞት ድረስ ብቻውን ይሁን ብሎ መከረ። ጎልማሶቹ ኤጲስ ቆጶሳት እንደ ተነካ የተርብ ጎጆ ተነሡበት፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። ጎርጎርዮስ ጉባኤውን ትቶ በቤቱ ተኛ፤ ከመንበሩም ቤት ወጥቶ ሌላ ስፍራ አደረ። ከዚህ በኋላ የግብፅና የመቄዶንያ ኤጲስ ቆጶሳት ዘግይተው ደረሱና ሠለስቱ ምዕት በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የሠሩትን ቀኖና ጠቀሱበት፤ ኤጲስ ቆጶስ ከአገር ወደ አገር አይዛወርም፥ አንተ የሳሲማ ነህ አሉት። አንድ ቀን ያላገለገለባት ሳሲማ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ተከትላ አገኘችው።

ሊከራከር ይችል ነበረ፤ አልተከራከረም። እንደ ዮናስ ወደ ባሕር ቢጥሉት ማዕበሉ የሚጸጥ ከሆነ ደስ ይለኛል ብሎ ወደ ንጉሡ ሔዶ ፈቃድ ለመነ። በመጨረሻው ንግግሩ ለሚወቅሱት ሰዎች መልስ ሰጠ። የወቀሳቸውም ነገር ማዕዱ የደመቀ አለመሆኑ፥ ፈረሱ ያጌጠ አለመሆኑ፥ በጠላቶቹ ላይ አለመጨከኑ ነበረ። በስፍራው ንቅጣርዮስ የሚባል፥ ገና ያልተጠመቀ የመንግሥት ባለሥልጣን ተመርጦ ተሾመ። ጎርጎርዮስም በበጋው ወደ አገሩ ሔደ፤ ይህ አራተኛው ነው።

እንዚናዙን ገና እረኛ የሌላት ሆና አገኛት፤ የአቡሊናርዮስ ተከታዮችም ገብተውባታል። ታምሞ ሳለ ዳግመኛ ጠበቃት። በ382 ዓ.ም. ወደ ቍስጥንጥንያ ጉባኤ ቢጠሩትም ሕመሙን አመልክቶ፥ ከኤጲስ ቆጶሳት ጉባኤ መልካም ፍጻሜ እንዳላየ ጽፎ ቀረ። በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾምን በሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር አሳለፈው። ሊጠይቁት ይመጣሉ፥ ይቀበላቸዋል፥ አይመልስላቸውም። ዕድሜውን ሁሉ የኖረው በንግግር ነበረና በጾም ምግብን ከመከልከል ይልቅ ቃልን መከልከል ለእርሱ የሚጠቅመው ሆኖ አገኘው። ብዕሩ ግን አላረፈም። ክርስቶስ ከሰውነታችን ምንም ሳያጐድል ነፍስንም ሥጋንም እንደ ነሣ የሚያስረዳውን ለቀሲስ ቅሌዶንዮስ የተላከውን መልእክት የጻፈው በዚህ ወራት ገደማ ነው። ከተማይቱንም ብቻውን አልተሸከማትም፤ ቅሌዶንዮስ ይረዳው ነበረ።

በ383 ዓ.ም. የዘመዱ ልጅ ኤውላልዮስ የእንዚናዙ ኤጲስ ቆጶስ ተደርጎ ተሾመ። ዘጠኝ ዓመት ሲለምነው የነበረው ነገር ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ በአርያንዙስ፥ በአባቱ ርስት፥ ከምንጭ አጠገብ በዛፍ ጥላ ሥር እየተቀመጠ ኖረ። ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ኀዘኑም አንዳንድ ጊዜ ይመለስበት እንደ ነበረ ግጥሞቹ ይመሰክራሉ። ከግጥሞቹ ወደ ዐሥራ ሰባት ሺህ የሚሆን መስመር ሲገኝ፥ ብዙው የተጻፈው በነዚህ ዓመታት ነው። የእረኝነቱን ታሪክ፥ ከአባቱ ቤት እስከ ቍስጥንጥንያ መንበር፥ በረጅም ግጥም የጻፈውም ከሹመት ከወረደ በኋላ ነው። በ390 ዓ.ም. ገደማ ዐረፈ። በኑዛዜው ሀብቱን ለእንዚናዙ ቤተ ክርስቲያን ድኆች ሰጥቷል።